የተሸሸገ ስም የሚያገኝ ሳጥን

መተት የሚባል ነገር እንደሌለ ንፋስ መውጫ ውስጥ ከእኔ አብልጦ የሰበከ ሰው ያለ አይመስለኝም። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። ጠመኔ በእጄ ይዤ «ልጆች፣ በዚህ ዓለም ያለው አሲድና ቤዝ ነው፤ ሌላው የሰነፍ ወሬ ነው» እያልኩ ጡረታ እስክወጣ ጮኽኩ። ተማሪዎቼም ፈተና ላይ ያንኑ ይጽፉልኝና ቤታቸው ሲገቡ ክታባቸውን አንገታቸው ላይ አስረው ይተኙ ነበር። እኔስ? ምን ልዋሽ፣ የክርስትና ስሜን በሰው ፊት ጠርቼ አላውቅም። ጭንቅላቴ ውስጥ ሁለት ተከራዮች አሉ፤ አንዱ አስተማሪ ነው፣ ሌላው ፈሪ። ኪራይ በሰዓቱ የሚከፍለው ፈሪው ነው።

በእኛ አገር ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ ገበያ ላይ የሚጠራበት ነው፤ እሱን ለፈለገው ይስጥ። ሁለተኛው ሲጠመቅ የወጣለት ነው። እሱ ከእናት ስም ጋር ክፉ ሰው እጅ ከገባ አለቀ፣ ይባላል። እኛ ጋይንት ውስጥ «የስማዳ ሰው ስም አይሰጠውም» ይባላል። ስማዳ ሲሄዱ ደግሞ «ከእስቴ ሰው ይሰውራችሁ» ይባላል። እስቴ ሲደርሱ የሚፈራው የጋይንት ሰው ነው። ዞሮ ዞሮ ሁሉም ጎረቤቱን ይፈራል፤ እኔ ግን ተምሬያለሁና ሦስቱንም እፈራለሁ።

ጡረታ ስወጣ እኩዮቼ ንብ ማነብ ጀመሩ። እኔ ድረ ገጽ መሥራት ጀመርኩ። ንብ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የነደፈህን ታውቀዋለህ። የሥራው መነሻ የነፍስ አባታችን ናቸው። ቄሱ የሚያገለግሉባት፣ እኔም የተወለድኩባት ደብር አርብ ገበያ አጠገብ ናት። ልጆቿ ጅማም፣ ሐዋሳም፣ መተማም፣ ዐረብ አገርም ተበትነዋል።

«መምህር፣» አሉኝ አንድ ቀን፣ «እነዚህን የተበተኑ ልጆች በጸሎት ላንሳ ብል በምን አውቃቸዋለሁ? በገበያ ስማቸው እግዚአብሔር ፊት ብቆም አይሳቅብኝም?»

በዚህ ተነስቼ፣ ስልክ ላይ ከማያቸው ቪዲዮዎች እየለቀምኩ፣ የደብሯ ልጆች የሚመዘገቡበትን ድረ ገጽ ሠራሁ። ሰው የዓለም ስሙን፣ የሚኖርበትን ከተማና ሙያውን ይሞላል፤ ይህ ገጹ ላይ ለሁሉም ይታያል። የክርስትና ስሙንና የእናቱን ስምም ይሞላል፤ እነዚህ ግን አይታዩም፤ ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጠው ለቄሱ ብቻ ይደርሳሉ።

መጀመሪያ ያላመነኝ የገዛ ቤቴ ነው።

«የክርስትና ስሜን ለቆርቆሮ?» አለች ባለቤቴ።

«ቆርቆሮ አይደለም፤ ዳታቤዝ ነው።»

«ቆርቆሮ እንኳ ዝናብ ካልመታው ዝም ይላል። ያንተውን ምን አውቄ?»

«እህል ጉድጓድ ተከቶ አፉ በጭቃ ሲመረግ አላየሽም? እንደዚያ ነው። እኔ ካልከፈትኩት ማንም አያየው።»

«ማል።»

«በምን ልማል?»

«በልጅህ።»

አንዲት ልጅ ናት ያለችን፤ እስቴ የተዳረች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። ያን ጊዜ ሦስተኛዋን ይዛለች። በእሷ መማል የሚከብድ ነገር ነበር፤ ግን ስለ ኮዴ በጣም እርግጠኛ ነበርኩና ማልኩ። ባለቤቴም የራሷንም የልጃችንንም ስም ሰጠችኝ። ይህን ያዩ ዘመዶች «እሷ ከሰጠችማ» ብለው ተከተሉ። ጉድጓዱ ሞላ።

የሰው ብዛት ሲጨምር ቅሬታ መጣ። «የአክስቴን ልጅ ለማግኘት ገጽ ሳገላብጥ አውራ ጣቴ ተላጠ፤ መፈለጊያ የለውም እንዴ?» አለኝ አንዱ ከሐዋሳ። እውነቱን ነው። ቁጭ ብዬ መፈለጊያ ሳጥን ጨመርኩ። ቃል ይጻፍበታል፣ ቃሉ የተገኘበት ሰው ይወጣል። «አናጢ» ብዬ ጻፍኩ፤ አናጢዎቻችን ከየከተማው ተሰልፈው መጡ። «ጅማ» አልኩ፤ የጅማዎቹ መጡ። ተነስቼ እስክስታ መታሁ። ወገቤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲወቅሰኝ ከረመ።

በዚያው ሰሞን ልጄን ልጠይቅ እስቴ ሄድኩ። አማቷ ከስማዳ፣ ከወገዳ መጥተው ነበር። አራስ ሊያርሱ ገና ወራት ሲቀረው ጓዛቸውን ጠቅልለው የመጡ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ምሳ ቀርቦ እኔ ከእንጀራው ይልቅ ምላሴን አስቀደምኩ።

«የፈለጋችሁትን ቃል ጻፉ፤ ሳጥኑ ያመጣዋል።»

«የፈለግነውን?» አሉ አማቷ።

«የፈለጋችሁትን! ከተማ ቢሉት ከተማ፣ ሙያ ቢሉት ሙያ፣ ስም ቢሉት ስም።»

«ወይ ጉድ፤ ለጠፋች በቅሎ በሆነና!» አሉና ጉርሻ አጎረሱኝ። ልጃቸው፣ የልጄ ባል፣ ቢሮ ተቀምጦ ኮምፒውተር የሚነካካ ሰው ነው፤ አድራሻውን ጠየቀኝ፤ ፊደል በፊደል ነገርኩት። ጉርሻው አፌን ሞልቶት እንኳ አላቆምኩም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልግባ።

ሰዎች ሳጥኑ ውስጥ የሚጽፉት ቃል ከነሰዓቱ እንዲቀመጥልኝ አድርጌ ነበር። «ድረ ገጹን ለማሻሻል» እል ነበር፤ እውነቱ የሽማግሌ ወሬ መውደድ ነው። ጠዋት ጠዋት እየከፈትኩ እስቃለሁ። አንዱ «ሚስት» ብሎ ይፈልጋል። አንዱ «ዝናብ መቼ» ይላል። አንዱ ራሱን ሦስት ጊዜ ፈልጎ አግኝቷል፤ ደስ ብሎት ይሆናል።

ከእስቴ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ጠዋት ስከፍት የተደረደረው የሴት የክርስትና ስም ብቻ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ፣ በደቂቃ ልዩነት። የሚፈልገው ሰው እየተጣደፈ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ፣ ስም እየጣለ፣ የሚወጣውን እያየ፣ ሌላ ስም እየጣለ ነው። የማርያም አሉ፣ የመላእክት አሉ፣ የጻድቃን አሉ። የመጨረሻው የልጄ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ያን ያህል አልጃጀሁም። ከእሱ በኋላ ምንም የለም። ፍለጋው ቆሟል።

የተዘጋ በር ላይ ቁልፍ እየቀያየረ የሚሞክር ሰው መቼ ነው የሚያቆመው?

ያንን ስም ራሴ ሳጥኑ ውስጥ ጻፍኩት። አንዲት ሴት ብቻ ወጣች። ልጄ ናት፤ በዓለም ስሟ፣ ከነከተማዋ፣ ከነሙያዋ። የክርስትና ስሟ ገጹ ላይ አይታይም፤ በዚህ አልዋሸሁም። ግን ፈላጊውን ስሠራው የት ገብቶ የት እንደማይገባ አልነገርኩትም። ሁሉንም አገላብጥ ነው ያልኩት። እሱም ታዛዥ ነው፤ የተመረገው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ ስሙን እዚያ አግኝቶ፣ ወጥቶ «እቺ ናት» ብሎ በጣቱ አሳየ። ለማን እንዳሳየ አላውቅም።

ሳጥኑን ማንሳት የትንፋሽ ያህል ጊዜም አልፈጀ። የወጣን ስም መመለስ ግን እንዴት ተደርጎ? የአሲድና የቤዝ ሰውዬ አማተብኩ። እንትፍ እንትፍ አልኩ። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት፤ ገመዱንም ነቀልኩት፤ በገመዱ የሚመጣ ይመስል። ልጄ ሦስተኛዋን ይዛለች፤ እኔም በእሷ ምያለሁ።

ምሳ ቀረበ፤ አልወርድ አለኝ።

«ምን ሆነሃል?» አለች ባለቤቴ።

«ኔትወርክ ነው።»

«ኔትወርክ ሆድ ያማል?»

«ሲበዛበት ያማል።»

አፍጥጣ አየችኝ። እኔም እንጀራውን አየሁ። እሷን ማየት አልቻልኩም።

በማግስቱ ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። ዓርብ ስለነበር መንገዱ ጭነት በጫኑ አህዮች ተሞልቷል። ሚኒባሱ ጡሩንባውን ይነፋል፣ አህዮቹ ጆሯቸውን እንኳ አያዞሩም። እንደ አህያ መሆን እንዴት ያለ ጸጋ ነው እያልኩ ደረስኩ። ቄሱን አውድማ ላይ አገኘኋቸው፤ ገብስ ያበራያሉ። ጥምጥማቸው ላይ እብቅ አርፏል።

«አባ፣ ስም አፈሰስኩ።»

«ምን አፈሰሱ?»

ነገርኳቸው። በሬዎቹን አቆሙ። መጀመሪያ የሳቁ መስሎኝ ነበር፤ ጢማቸውን ነው የነካኩት።

«ኬሚስትሪው የት ሄደ ታዲያ?»

«ሸሸ፣ አባ።»

«ሲሸሽ እርስዎንም ይዞ በሄደ። ይስሙኝ መምህር፣ ስሟ የጥምቀቷ ማኅተም ነው፤ ሰው አይፍቀውም። ይህንን ይመኑ።»

«አምናለሁ።»

«አያምኑም፤ ቢያምኑ እዚህ ድረስ አይሮጡም ነበር። ግን ሌላ ነገር አለ። ልጅቱ ስሟ እንደተሸሸገ አምና ነው የምታድረው። ይንገሯት።»

«ከወለደች በኋላ ይሻላል፤ አሁን ብነግራት ትደነግጣለች። ድንጋጤ ደግሞ…»

«ድንጋጤማ አይቀርም። ከእርስዎ አፍ ትደንግጥ። ከሌላ አፍ ከሰማችው ግን፣ ያን ጊዜ ያጠፋት ስሙ አይሆንም፤ እርስዎ ነዎት።»

በሬዎቹን መልሰው ነዱ። እኔ በደብረ ታቦር ዞሬ እስቴ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ የምነግራትን እያጠናሁ ነበር። «ልጄ፣ አንድ ትንሽ የቴክኒክ ነገር ተፈጥሯል…» ኧረ ወዲያ! «ልጄ፣ አባትሽ አህያ ነው» ይሻላል፤ ከእሱ ብጀምር ቢያንስ ትስማማለች።

ግቢው ውስጥ ያገኘኋቸው አማቷን ነው። ለገንፎ የሚሆን ገብስ እየቆሉ ነበር። ከሰላምታ በኋላ ጉዳዩን በአቋራጭ ልገባበት አሰብኩ።

«ያ የነገርኳችሁ ሳጥን ተበላሽቶ አነሳሁት።»

«ውይ! እኔንስ ጠቅሞኝ ነበር» አሉ።

መቀመጫ ፈለግሁ። ያገኘሁት የገብሱን እንቅብ ነው፤ ላዩ ላይ ልቀመጥ ስል ጮኹብኝ።

«በምን ጠቀመዎት፣ እትዬ?»

«ልጅዎ ስሟን ከለከለችኝ። ለደብሬ ቄስ ሰጥቼ ጸሎት ላስይዝላት ብዬ ለመንኳት፤ እናቴ ለማንም አትስጪ ብላኛለች አለች። ልጄን ጠየቅሁት፤ በቁርባን ሳይሆን በሰማንያ ነው የተጋባነው፣ እኔም አላውቀውም አለኝ። ሚስቱ ሆና! ታዲያ እርስዎ ስም ቢሉት ስም ያመጣል አሉ። የተወለደችበትን ወር አውቃለሁ፤ በዚያ ወር ያሉትን በዓላት እያሰብኩ ስም ስነግረው፣ እሱ ሲጽፍ፣ እጁ ዛለ። መጨረሻ ላይ ብቅ አለች።» ማንካውን አነሱና ገብሱን ገለበጡት። «ደስ አለኝ። ለቄሱም ላክሁት።»

ድምፃቸው ውስጥ ክፋት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ቅንነትም ፈለግሁ፤ እሱንም እርግጠኛ ሆኜ አላገኘሁትም። ዓይናቸው እሳቱ ላይ ነው። ሰው ከክፋትና ከደግነት የትኛውን እንደያዘ የሚያሳይ ቀለም የሚለውጥ ወረቀት የለም፤ ቢኖር ቤተ ሙከራዬ ውስጥ በኖረ።

«ለሌላ ሰው አልነገሩም?»

«ለማን ብዬ?»

«ለእሷስ?»

«ምን አስነገረኝ! እንዳትቆጣኝ።»

«እባክዎ፣ እኔ እስክነግራት።»

«እርስዎ ይንገሯት» አሉ። ቆሎውን ዘግነው ሰጡኝ። ቆሎው እጄ ውስጥ እየፋጀኝ ያዝኩት፤ ለመብላት ግን ፈራሁ። ይኸው፣ የተማረ ሰው።

ልጄ አልጋ ላይ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተጋድማለች። እግሯ አብጧል። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«አባዬ፣ ዘንድሮ እኮ አልፈራሁም።»

«እሰይ።»

«ባለፉት ጊዜያት ማርገዜን ለጎረቤት ሁሉ እናገር ነበር። አሁን አፌን ዘግቻለሁ። ስሜንም ማንም አያውቅብኝ። ታውቃለህ፣ ሲጨንቀኝ እሱን አስባለሁ፤ ማንም እጁን የማያስገባበት ቦታ አለኝ እላለሁ፣ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ለመናገር አፌን ከፈትኩ። «ውሃ ላምጣልሽ?» የሚል ቃል ወጣ።

ውሃ አመጣሁላት። በማግስቱም ውሃ አመጣሁላት። ባለቤቴም ከንፋስ መውጫ መጣች፤ ለእሷም ውሃ አመጣሁላት። በእስቴ ታሪክ እንደ እኔ ውሃ ያመላለሰ ሽማግሌ የለም። ዛሬ ከምሳ በኋላ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ስትነቃ እላለሁ፤ ስትነቃ ትስቃለች። አማቷ በበሩ ባለፉ ቁጥር «ነገሯት?» የሚል ዓይን ያሳዩኛል፤ እኔም የጣሪያውን ማገር እቆጥራለሁ።

እንዲህ ስል ምጡ መጣ።

ጤና ጣቢያው መተላለፊያ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እኔ፣ ባለቤቴና አማቷ ተደርድረን ተቀመጥን። ባሏ ውጭ ይመላለሳል። የልጄ ድምፅ በበሩ ያልፋል። ባለቤቴ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። እኔም እላለሁ። ምጡ ጠና። አዋላጇ ነርስ አንድ ጊዜ ብቅ ብላ፣ ማንንም ሳታይ፣ እየሮጠች አለፈች። ነርስ ስትሮጥ ማየት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያየ ያውቀዋል።

አማቷ ድንገት ከወንበሩ ወርደው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። የወገዳ ገበያን ከዳር እስከ ዳር በሚያሰማ ድምፅ፣ «እመቤቴ ማርያም! ልጅሽን» አሉና ያንን ስም ጠሩት። ሙሉውን። ከነእናቷ ስም። «በሆዷ ያለውን በሰላም አውጪላት!»

ባለቤቴ ወደ እሳቸው አልዞረችም። ወደ እኔ ዞረች።

ከበሩ ወዲያ ጩኸቱ ቆመ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ዝም ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ፣ «አባዬ!»

«አቤት ልጄ!»

«ማን ነገራቸው?»

በሩ ላይ ተለጥፌያለሁ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ።

«እኔ ነኝ! ሳጥኑ ነው! ስሙ አይታይም፣ ግን ስሙን ሲጽፉት አንቺ ትመጫለሽ! አልከለከልኩትም! አልነገርኩሽም! ልነግርሽ መጥቼ ነበር!»

«ሽማግሌው!» አለች አዋላጇ ከውስጥ፣ «ይህ የቤት ወሬ የሚወራበት ቦታ ነው? ከበሩ ዞር ይበሉ!»

ዞር አልኩ። የሄድኩት እስከ ግድግዳው ነው።  ልጄ የጮኸችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያም ለእኔ አልነበረም። አማቷ ከሲሚንቶው አልተነሱም፤ ስሙን ይደጋግሙታል። ባለቤቴም ከጎናቸው ተንበረከከች፤ በዕድሜዋ በሰው ፊት በሹክሹክታ እንኳ ያላወጣችውን ስም ከእሳቸው ጋር ጮክ ብላ ትጠራው ጀመር። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ስሙን ከዚህ በላይ ለመጥራት መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ሕፃኗ አለቀሰች። በሩ ተከፍቶ «ሴት ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው» እስኪባል ድረስ የለቅሶውን ትርጉም አላመንኩም።

ልጄ አማቷን አልተቀየመችም። «የጸለዩበት ነው» አለች። ገንፎውንም ከእጃቸው በላች። እኔን ግን ለብዙ ጊዜ በሦስተኛ ሰው ነው የምታናግረኝ፤ «እማዬ፣ አባዬን ጋቢውን ያቀብለኝ በይው» ትላለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ። እውነቷን ነው። ያንን ማንም እጁን የማያስገባበት ቦታ የወሰድኩባት እኔ ነኝ፤ ሰዎቹ ደግ ሆነው መገኘታቸው የእኔ ሥራ አይደለም።

ቤቴ ተመልሼ የክርስትና ስሞቹን በሙሉ ከዳታቤዙ አወጣሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ደውዬ ያደረግሁትን ነገርኩ። የተሳደበ አለ፤ ያለቀሰች አለች፤ አንዱ ደግሞ «እኔ መጀመሪያውኑ የወንድሜን ስም ነው የሰጠሁዎት» አለኝ። ወንድሙ ይወቀው አይወቀው አልጠየቅሁም። ሳጥኑን መልሼ አቆምኩት፤ አሁን ከተማና ሙያ ብቻ ያውቃል። እንደዚያም ሆኖ ጠዋት የተፈለገውን የምከፍተው አማትቤ ነው። ስቄበት አላውቅም ከዚያ ወዲህ።

የሕፃኗ ክርስትና የተነሳው እዚያው እስቴ ነው። ነጠላዬን አደግድጌ፣ ጥምጥም ካላቸው ሰዎች ጋር ልገባ ስል ልጄ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስቆመችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ስታናግረኝ መጀመሪያዋ ነው።

«አባዬ፣ አንተ እዚህ ቁም።»

«ለምን?»

«ስሟ ሲወጣ እንድትሰማ አልፈልግም።»

አማቷ ሕፃኗን ታቅፈው አለፉ። ባለቤቴ ተከተለቻቸው፤ ሳታየኝ አይደለም፣ አይታኝ ነው የሄደችው። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። እዚያ ያሉት ቄስ ደግሞ ድምፃቸው እንደ መለከት ነው።

የውሃው ድምፅ ተሰማ። ሕፃኗ ጮኸች። አሁን ሊጠሯት ነው። ደጁ ላይ ካለ አንድ ጽድ ሥር ተቀመጥኩና ሁለቱንም ጆሮዎቼን በጣቶቼ ደፈንኩ፤ ድምፁ ምናልባት በጣቶቼ መሃል ካለፈ ብዬ ጮክ ብዬ አሲዶችን በተራ መቁጠር ጀመርኩ። አንዲት መነኩሲት በዚያ ሲያልፉ አዩኝና አማተቡ።